የእናቴ እሾህ ረገፈ፤ የእኔስ?

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። የ49 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ጎንደር ነው፤ አራዳ ገበያ እህል እነግዳለሁ። እናቴ 76 ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ሆናት፣ የጠየቀችውን መልሳ ትጠይቃለች። ከሞተ 11 ዓመት ያለፈውን አባቴን ‹እስካሁን የት ቆየ?› ትላለች። ሲመሽ ነጠላዋን አጣፍታ ‹ቤቴ ልሂድ› ብላ ትነሣለች፤ ያለችው እኮ በገዛ ቤቷ ነው። ሐኪም ዘንድ ስንወስዳት አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ነው አሉን። ሕክምና የምታጠናው ልጄ ደግሞ ከትምህርት ቤት ይዛ የመጣችውን ሥዕል አሳየችኝ። የነርቭ ሕዋስ ቅርንጫፍ ነው፤ ላዩ እሾህ በእሾህ። ‹የእማማ እሾሆች ረግፈዋል፤ የምትረሳው ለዚህ ነው› አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እኔም የሱቁን ቁልፍ ያስቀመጥኩበት ይጠፋኛል፤ የደንበኛ ስም እረሳለሁ። ዘንድሮ የሒሳብ አያያዝ በማታ መማር ጀምሬያለሁ፤ ልጆቹ አንድ ጊዜ ሰምተው የሚይዙትን እኔ ሦስት ጊዜ አንብቤው በማግሥቱ የለም። መሳቂያ ከምሆን ልተወው? ጎረቤቴ ‹የአንጎል ነርቭ ያበቅላል› የተባለ ከውጭ የመጣ እንክብል በውድ ዋጋ ትሸጣለች፤ ለእናቴም ለእኔም ልግዛ? ወንድሜ ደግሞ መድኃኒቱን ትተን ጠበል ብቻ እንውሰዳት ባይ ነው። ምን ይመክሩኛል? ቁልፏ የጠፋባት፣ ከጎንደር።»

ውድ እኅቴ፤

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው አራት አምስት ጥያቄ ቆጠርኩ፤ ስደግመው ግን «እኔም እንደ እናቴ ልሆን ነው ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። እንቅልፍ የነሣዎትም ከቁልፉ ይልቅ ያ ሥዕል ነው። ስለዚህ ከሥዕሉ እጀምራለሁ። ትንሽ ስለሚረዝም ቡና አፍልተው ይቀመጡ፤ ሰዓቱ ከመሸ ግን ቡናውን ይተዉት፣ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

ልጅዎ ሐሰት አልተናገረችም። ግን ትምህርት የጀመረ ሰው እንደሚያደርገው ግማሹን ነግራዎት ግማሹን ደብተሯ ውስጥ ትታዋለች።

የነርቭ ሕዋስ ዛፍ ይመስላል። ቅርንጫፎቹ ዴንድራይት ይባላሉ፤ ከሌሎች ሕዋሳት የሚመጣውን መልእክት የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። በእነዚህ ቅርንጫፎች ላይ ጥቃቅን ጉጦች መኖራቸውን እ.ኤ.አ. በ1888 ያስተዋለው ስፔናዊው ሐኪም ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ነው፤ ያያቸውም በዶሮ ትንሹ አንጎል ውስጥ ነበር። ማቅለሚያው የራሱ አልነበረም። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው፣ ሕዋሱን በብር ጨው አጥቁሮ የሚያሳይ ዘዴ ነው። ጉጦቹን ያዩ ሌሎች ሰዎች «የብሩ ዝቃጭ ነው» ብለው አለፏቸው። ካሃል እልኸኛ ሰው ነበረና ብር ጨርሶ በሌለበት ሰማያዊ ማቅለሚያ ደግሞ አሳያቸው። ስማቸውን በቋንቋው እሾህ አለው፤ የቀጋ ዘንግ ላየ ሰው ስያሜው አይገርምም። በእነዚህ እሾሆች ላይ ሁለት ሕዋሳት የሚገናኙበት ሲናፕስ እንዳለ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየው ግን ከ71 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ያሳየውም ጆርጅ ግሬይ ነው።

እኔን ቢጠይቁኝ ስሙ አልሰመረለትም። እሾህ ደረቅ ነው፤ ከተሰበረ ተሰበረ። ይህኛው ለስላሳ ነው፤ ይንቀሳቀሳል፣ ያብጣል፣ ይከሳል። እምቡጥ ቢሉት ኖሮ እርስዎም ዛሬ ተኝተው ባደሩ ነበር።

የእህል ነጋዴ ነዎትና በጤፍ ልስፈርልዎት። አንድ እሾህ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ማይክሮሜትር አይረዝምም። 500 እሾህ ጫፍ ለጫፍ ቢገጥሙ የአንዲት ጤፍ ርዝመት ቢያክል ነው። ይህችን የምታህል ነገር ራስና አንገት አላት። ራሷ ላይ ግሉታሜት የተባለውን መልእክተኛ ኬሚካል የሚቀበሉ ተቀባዮች ተደርድረዋል። መልእክቱ ሲበረታ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቀጭኑ አንገት ደግሞ ካልሲየሙ በቀላሉ ወደ ቅርንጫፉ እንዳይፈስ ይይዘዋል። እያንዳንዷ እሾህ የራሷ ጓዳ አላት ማለት ነው፤ የአንዷ ጉዳይ ከጎረቤቷ ጋር አይደባለቅም። መልእክቱ ተደጋግሞ ከመጣ በውስጧ ያለው አክቲን የተባለ ፕሮቲን እንደ ማገር ይዘረጋል፣ ራሷ ያብጣል፣ ተቀባዮቿም ይበዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ሹክሹክታውም ይሰማታል። ጠያቂ ያጣች እሾህ ትከሳለች፤ ብዙ ጊዜም ትጠፋለች። በአንጎል ቅርፊት ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ ሕዋስ እነዚህን በሺዎች ይሸከማል። ካሃል ያያቸው ዓይነት የትንሹ አንጎል ሕዋሳት ደግሞ አንዱ ብቻውን ከ100,000 በላይ ሊኖረው ይችላል።

ደብተሩ ውስጥ የቀረው ግማሽ እንግዲህ ይህ ነው። እሾህ በጤነኛ አንጎልም ይረግፋል። ይህን በሚያነቡባት ደቂቃ የእርስዎም የእኔም በአንድ በኩል እየረገፈ በሌላ በኩል እየበቀለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። አይጦች በአንድ እጃቸው ከጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ፍሬ አንሥተው እንዲበሉ ይለማመዱ ነበር። ልምምዱ በተጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ እጁን በሚያዝዘው የአንጎል ክፍል አዳዲስ እሾሆች ብቅ አሉ። አዲሶቹ ሲመጡ ከነባሮቹ የተወገዱ ነበሩ፤ ከአዲሶቹም ብዙዎቹ አልቆዩም። ልምምዱ ሲቀጥል የጸኑት ጥቂቶች ግን ልምምዱ ካቆመም በኋላ ለረጅም ጊዜ ቆዩ። እንግዲህ አይጢቱ ፍሬ ማንሣት የተማረችው አብቅላም አራግፋም ነው።

እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ ጽኑ ነገር ሲባል የሚታየን የፋሲል ግንብ ነው፤ በድንጋይና በኖራ አንድ ጊዜ የተገነባ፣ ከፈረሰ የሚፈርስ። ትውስታንም እንደዚያ እናስበዋለን። አንጎል ግን ከጭቃ ቤት ጋር ይቀራረባል። ክረምት ባለፈ ቁጥር ይመረጋል፤ የተሰነጠቀው ይደፈናል፣ የላላው ይራገፋል፣ በላዩ አዲስ ጭድና ጭቃ ይለጠፋል። ቤቱ ለሃምሳ ዓመት የሚቆመው በየጊዜው ስለሚመረግ ነው።

አሁን ወደ ዕድሜ እንምጣ። ከሞቱ ሰዎች አንጎል ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ቆጠራ፣ በፊተኛው የአንጎል ቅርፊት ላይ ያለው የእሾህ ብዛት በልጅነት ከአዋቂው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ይከረከማል፤ ክርከማውም በ20ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሳይቀር ይቀጥላል። ሥዕሉን ያሳየችዎት ልጅዎ ራሷ ገና እያራገፈች ነው፤ ማታ ስትመጣ ይንገሯት።

በዕድሜ በገፉ ጦጣዎች ላይ የታየው ደግሞ የእርስዎን ሁኔታ በተሻለ ይገልጸዋል። በፊተኛው ቅርፊታቸው በብዛት የሚቀንሱት ቀጫጭኖቹ፣ ገና ያልጸኑት፣ ለአዲስ ትምህርት የሚፈጥኑት እሾሆች ናቸው። ራሳቸው ጅብ ጥላ የመሰሉት ወፍራሞቹ በአመዛኙ ይቆያሉ። የ20 ዓመት የጤፍ ዋጋ ከነዓመቱ ሲያስታውሱ ትናንት የተዋወቁት ደንበኛ ስም የሚጠፋዎት ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሌላም ነገር አለ፤ ሐፍረት ይዟቸው ሴቶች የማይጠይቁት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ጥናት፣ ሂፖካምፐስ በተባለው የትውስታ ክፍል የሴት አይጦች እሾህ ብዛት ከ4 እስከ 5 ቀን በሚፈጀው ዑደታቸው ውስጥ ከኤስትሮጅን ሆርሞን ጋር ከፍና ዝቅ ሲል ታይቷል። በ49 ዓመት ኤስትሮጅን የሚዋዥቅበት፣ የወር አበባም የሚዛባበት ጊዜ ላይ ነዎት። ከአይጥ ዘልሎ ስለ ሰው መደምደም አይገባም። ነገር ግን በዚህ ዕድሜ ስምና ቁልፍ ጠፋብን የሚሉ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ሌሊቱን በላብ እየነቃች የምታድር ሴትማ ምን ልታስታውስ ትችላለች?

የእናትዎ ነገር የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ሁለት ነገር ሆነ። ጎልጂና ካሃል የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ፤ ሳይታረቁ ነው የተካፈሉት፣ ጎልጂ በሽልማት ንግግሩ ላይ ሳይቀር የካሃልን አስተሳሰብ ተቃውሟል። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ51 ዓመቷ ሆስፒታል ስለ ገባች አንዲት ታማሚ ለባልንጀሮቹ ተናገረ። እሱም የሟቿን አንጎል የመረመረው በብር ማቅለሚያ ነበር። (ዕድሜዋን አይተው አይደንግጡ፤ በዚያ ዕድሜ የሚጀምረው ዓይነት ጥቂት ነው።) ያየው ክምችት አሚሎይድ ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ለረጅም ጊዜም ክምችቱ በበዛ ቁጥር መርሳቱ የሚበዛ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት ግን የታማሚዎቹ የመርሳት ልክ ከክምችቱ ይልቅ ከጠፉት ሲናፕሶች ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የበለጠ የሚገርም ነገር ወጣ። አንጎላቸው ውስጥ የአልዛይመር ክምችት እያለ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሳይረሱ የኖሩ አረጋውያን ሲመረመሩ እሾሆቻቸው በቦታቸው ተገኙ።

ስለዚህ ልጅዎ ስለ አያቷ የተናገረችው ልክ ነው። ልዩነቱ ያለው በሚዛኑ ላይ ነው። በጤነኛ አንጎል የረገፈው ይተካል። በአልዛይመር ግን መርገፉ ከመብቀሉ ይበልጣል፤ እየቆየም ቅርንጫፉና ሕዋሱ ራሱ ይሞታል።

የእርስዎ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። እኔ በደብዳቤ መርምሬ አላውቅም፤ ሐኪም የሚጠይቅዎትን ግን ልንገርዎት። ቁልፉን ያስቀመጡበት ቦታ ይጠፋዎታል ወይስ ቁልፉ ለምን እንደሚያገለግል? የረሱት ስም ከሰዓት በኋላ ድንገት ይመጣል ወይስ ሰውዬውን ማግኘትዎም ተረስቷል? ከአራዳ ወደ ማራኪ ሲሄዱ መንገድ ጠፍቶዎት ያውቃል? ለ20 ዓመት የሠሩት የኩንታል ሒሳብ ይሳሳትብዎት ጀምሯል? መርሳትዎን መጀመሪያ ያስተዋለው ማን ነው፣ እርስዎ ወይስ ሌሎች? እናትዎ አባትዎን ስትጠብቅ የረሳች አይመስላትም፤ እርስዎ ግን ስለ መርሳትዎ ሁለት ገጽ ጽፈውልኛል፣ ያውም ነገሩ ሳይዛነፍ። ይህ ለእኔ ጥሩ ምልክት ነው።

በእናት መያዝ ዕጣ ፈንታን አይወስንም። በእርጅና የሚመጣው ዓይነት በልጆች ላይ ያለውን ዕድል ከፍ ያደርጋል እንጂ ከእናት ወደ ልጅ ርስት ሆኖ አይወርድም። ሆኖም አንድ ጠዋት ወደ ሐኪም ይሂዱ። የደም ግፊትና የስኳር መጠንዎን፣ የእንቅርት ዕጢዎን፣ የቫይታሚን ቢ 12 እና የደም ማነስ ምርመራ ያድርጉ። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ለዓመታት እምብዛም የማይቀምስ ሰው ቢ 12 ሊያንሰው ይችላል፤ ጉድለቱም መርሳት ያመጣል፣ ሲተካም ሊሻል ይችላል። ሐዘንና ድባቴም እንዲሁ ያስረሳሉ። ለብዙ ጊዜ በጭንቀት የተያዙ አይጦች በፊተኛው ቅርፊታቸው እሾህ ይቀንሳል፤ በወጣቶቹ ላይ ጭንቀቱ ሲነሣ ይመለሳል። እናት ማስታመም፣ ሱቅ መክፈት፣ ማታ መማር፣ እንቅልፍ ማጣት፤ ይህን ሁሉ ተሸክመው ስም ባይረሱ ነበር የሚገርመኝ።

እንክብሉን አይግዙ። ለእናትዎም ለእርስዎም። በሰው አንጎል የረገፈ እሾህ እንደሚያበቅል የተረጋገጠ እንክብል የለም፤ ቢኖርም ጎረቤትዎ ቦርሳ ውስጥ አይገኝም ነበር። ደግሞስ መብዛት መልካም ነው ያለው ማን ነው? ፍራጃይል ኤክስ የተባለ በዘር የሚተላለፍ የአእምሮ ዕድገት ችግር ባለባቸው ሰዎች እሾሆቹ ረዣዥም፣ ቀጫጭንና ያልበሰሉ ሆነው ይታያሉ፤ ብዛታቸውም ይጨምራል። በኦቲዝም ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ከተለመደው የበዛ እሾህ ተገኝቷል። በስኪዞፍሬንያ ደግሞ በፊተኛው ቅርፊት አንሶ ታይቷል። መብዛትም ማነስም ችግር ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ልጅ በጉርምስናው ያንን ሁሉ እሾህ የሚከረክመው ያለ ምክንያት አይደለም። ለእንክብሉ ያሰቡትን ገንዘብ ለእናትዎ የምርመራ ወጪ ያድርጉት፤ የእርስዎ መማሪያ ሒሳብ ማሽንም ከዚያው ይወጣል።

ወንድምዎን አይጣሉት። እናቱ ስትጠፋበት የሚይዘውን የፈለገ ልጅ ነው። ጠበሉና መድኃኒቱ ለምን ይጣላሉ? ትጠመቅ፤ ግን ያለ ጠባቂ አትቆይ፣ በብርድ አትቆይ፣ ምግብና የታዘዘላት መድኃኒት አይቋረጥባት። መድኃኒቱ ምልክቱን ለጊዜው ሊያቀልላት ይችላል እንጂ የረገፈውን አይመልስም። ይህንን ለወንድምዎ በግልጽ ይንገሩት፤ መድኃኒቱ አዳኝ ነው ተብሎ ከተነገረው ባልዳነች ቀን ይጥለዋል። ጾምን በተመለከተ ከነፍስ አባቷ ጋር ይነጋገሩ፤ መድኃኒት የምትወስድ የ76 ዓመት እናት እንድትጾም የሚያስገድድ አባት አላውቅም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። እናትዎ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከባሰባት፣ ከቃዠች፣ ወይም ከወትሮው ውጭ ፈዛ ከተኛች፣ «በሽታው ገፋ» ብለው አይቀመጡ። የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ ወይም አዲስ የተሰጣት መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ይውሰዷት።

ስለ አባትዎ ስትጠይቅ «ሞቷል እኮ» አይበሏት። እርስዎ ለመቶኛ ጊዜ ይናገሩት ይሆናል፤ እሷ ግን በእያንዳንዱ ቀን እንደ አዲስ መርዶ ትሰማዋለች። «አባባ ምን ይወድ ነበር?» ይበሏት፤ ታወራለች። «እኔ ማን ነኝ?» እያላችሁ አትፈትኗት፤ የጎረቤት ሰውም እንዳይፈትናት ይንገሩ። «ቤቴ ልሂድ» ስትል የምትፈልገው ቤት ልጅ ሆና የኖረችበት ሊሆን ይችላል፤ የጥንቱ ትዝታ ከቅርቡ ይልቅ ይቆያልና። ክንዷን ይዘው ግቢውን አንድ ጊዜ አዙረው መልሰው ያስገቧት። መብራቱን ሳይመሽ ያብሩ። ከሰሉን ከአጠገቧ ያርቁ፤ በነጠላዋ ጥለት ላይ የእርስዎን ስልክ ቁጥር ይስፉበት። ጥጥና እንዝርት ደግሞ ይስጧት። የእጅ ልማድ የሚቀመጠው በሌላ የአንጎል ክፍል ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳውም ዘግይቶ ነው። የልጇን ስም የረሳች እናት ፈትሉን ሳታወፍር ሳታቀጥን ስታወርደው አይቻለሁ።

ትምህርቱን አይተዉም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ልጅ ሳለሁ ከቤታችን በስተጀርባ የቆሎ ተማሪዎች ጎጆ ነበር። ሌሊት መብራት ሳይኖር የቃል ትምህርታቸውን ሲቀጽሉ እሰማ ነበር፤ የኔታ አንድ ሐረግ ይላሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ይደግማል፣ ከዚያ ይተኛል። በማግሥቱ ትናንት የያዘውን ሳይመለከት ካላወረደ አዲስ አይጨመርለትም። በበአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም የሚማሩትም ያንን ሁሉ ዜማ በጭንቅላታቸው የሚሸከሙት በዚህ መንገድ ነው። እርስዎ ግን ደብተሩን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ ነው ያሉኝ። ሦስቱንም ጊዜ ዓይንዎ ሠራ እንጂ ትውስታዎ አልተጠራም። አንድ ጊዜ ያንብቡና ደብተሩን ይዝጉ፤ ገቢና ወጪውን ከጭንቅላትዎ አውጥተው በባዶ ወረቀት ይጻፉ፤ የተሳሳቱትን ብቻ ይክፈቱ። ነገ ደግሞ ይድገሙት፤ ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና። የሱቅዎን የዕለት ሽያጭ በተማሩት መንገድ ይመዝግቡ፤ ከዚያ የተሻለ የቤት ሥራ አይኖርም። ጠያቂ የበዛላት እሾህ ነው የምትጸናው ብዬዎታለሁና።

ከዚያም ይተኙ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት፣ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ መሄድ የተማሩ አይጦች ከልምምዱ በኋላ ሲተኙ ካልተኙት የበለጠ አዲስ እሾህ አበቀሉ፤ ላልተኙት ልምምዱ ቢረዝምም የእንቅልፉን ጉድለት አልሞላም። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በእንቅልፍ ጊዜ ሲናፕሶች በአማካይ በ18 በመቶ ገደማ እንደሚጠቡ፣ ትልልቆቹ ግን እንደማይነኩ አሳየ። አንዱ ይበቅላል ይላል፣ ሌላው ይጠብባል ይላል፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይከራከሩበታል። ለእኔ ሁለቱም የዚያው የጭቃ ቤት ምርጊት ናቸው፤ በአንድ በኩል መለጠፍ፣ በአንድ በኩል መፋቅ። ሁለቱም ሌሊት ይሠራሉ። ስለዚህ ከማታ ትምህርት መልስ እስከ እኩለ ሌሊት አያጥኑ፤ የተረፈውን ጠዋት ሱቅ ከመክፈትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ይስጡት። ቡናውንም፣ አቦል ቶናውን ጠዋት ይጨርሱት፤ ከቀትር በኋላ የተጠጣ በረካ እስከ መኝታ ደም ውስጥ ይቆያል።

ቁልፉን በተመለከተ፣ ከሱቁ በር ጀርባ በዓይንዎ ትይዩ አንድ ምስማር ይምቱና ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ቦታ አያስቀምጡት።